ማስተካከያ፦ ተሳፋሪ በ106 በመቶ ሊያንስ አይችልም

ስለ ባቡር ተሳፋሪ ግምት ባለፈው በወጣው ጽሑፍ ላይ «የተሳፋሪው ቁጥር ከተገመተው በአማካይ በ106 በመቶ ያንሳል» ይል ነበር። ይህ ሊሆን አይችልም። ባቡሩ ባዶውን ቢሄድ እንኳ ቅናሹ 100 በመቶ ነው። ከዜሮ በታች ተሳፋሪ የለም!

ቁጥሩ የመጣው የዴንማርክ ተመራማሪው ቤንት ፍሊቭብየርግና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ጥናት ነው። በ14 አገሮች ያሉ 210 የመንገድና የባቡር ፕሮጀክቶችን አይተዋል። በባቡሮቹ ላይ ግምቱ በትክክል ከተሳፈረው ሰው በአማካይ በ106 በመቶ በልጧል። 206 ሰው ይመጣል ሲባል 100 ገደማ መጣ እንደማለት ነው። ከግምቱ ተነስተን ብናሰላው ቅናሹ 51.4 በመቶ ይሆናል። ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየው ከየትኛው ወገን እንደተሰላ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በዚያው ጽሑፍ ለአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የተጠቀሰው በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 15,000 ሰው የተነደፈበት አቅም ነው እንጂ የተሳፋሪ ፍላጎት አይደለም። ፍላጎቱን ለመገመት ሰው ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ታክሲው ስንት እንደሚያስከፍል መታየት አለበት። ሁለቱም ስህተቶች አሁን በጽሑፉ ላይ ተስተካክለዋል።