በመርፌው ላይ ጾም ሲደረብ

ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎች በተስፋፉበት በዚህ ጊዜ አንድ ምክር ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራል፦ መርፌውን እየወሰዳችሁ በቀን 16 ሰዓት ብትጾሙ ክብደታችሁ በእጥፍ ፍጥነት ይወርዳል ይላል። ይህ ምክር ሰው ይጎዳል ብዬ እሰጋለሁ። ሁለቱ ፈጽሞ አብረው አይሄዱም ማለቴ አይደለም። የሚያሳስበኝ መካሪዎቹ መርፌው በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሳይናገሩ ሰዓት ብቻ ማስቆጠራቸው ነው።

ኦዜምፒክና ዌጎቪ በሚባሉ ስሞች የሚሸጠው ሴማግሉታይድ፣ እንዲሁም በሙንጃሮና በዜፕባውንድ ስም የሚሸጠው ቲርዜፓታይድ፣ ምግብ ሲደርሰው አንጀት የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን ሥራ ይሠራሉ። ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያልፍበትን ፍጥነት ያዘገያሉ፤ አንጎል ላይም የረሃብን ስሜት ያደክማሉ። የተፈጥሮው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ሴማግሉታይድ ግን ከተወጋ ከሳምንት በኋላም ግማሽ ያህሉ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ መርፌውን የወሰደ ሰው በመብያው ሰዓትም በጾሙ ሰዓትም መድኃኒቱ አብሮት ነው፤ ዛሬ ከበደኝ ብሎ ሊያቋርጠው አይችልም።

ጾሙ በዚህ ላይ ምን ይጨምራል? በ2021 የታተመው ስቴፕ 1 የተባለ ጥናት ሴማግሉታይድ የወሰዱ ሰዎች በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደት እንደቀነሱ አሳይቷል። ስለ ጾሙ ደግሞ በ2022 ከቻይናዋ ጓንጁ ከተማ የወጣ ጥናት አለ። 139 ተሳታፊዎች ለአንድ ዓመት እኩል የተቀነሰ ካሎሪ ሲመገቡ፣ ግማሾቹ በስምንት ሰዓት ውስጥ ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። እነርሱ 8 ኪሎ፣ ሰዓት ያልተገደበባቸው 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ተመራማሪዎቹም ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የተለየ አይደለም አሉ። ጾም ክብደት የሚቀንሰው በአብዛኛው ሰው አነስ አድርጎ እንዲበላ ስለሚያደርግ ነው። መርፌው ይህን ሥራ ቀድሞ ይዞታል። ስለ «እጥፍ» የሚወራው ወሬ ከዚህ ላይ ይወድቃል።

ጉዳቱ ግን ሊደራረብ ይችላል። ያለ መድኃኒት የሚጾም ሰው ከልክ ሲያልፍ ረሃብ ያስቆመዋል። መርፌውን በሚወስድ ሰው ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ ደክሟል። ምግብ ሳያምረው ቀኑን ሙሉ ሊውልና ደኅና ነኝ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሚዛኑ ሲወርድ ያይና ይበረታታል፤ ሚዛኑ ግን የጠፋው ስብ ይሁን ጡንቻ አይነግረውም።

80 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። ክብደት በሚቀነስበት ጊዜ በብዛት የሚመከረው የፕሮቲን መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም በቀን ነው፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ በቀን 96 ግራም ይመጣል። አንድ እንቁላል ያለው ፕሮቲን 6 ግራም ገደማ ነው። መርፌው የያዘው ሰው ሁለት እንቁላል በልቶ ሳህኑን ሊገፋ ይችላል፤ 12 ግራም አገኘ ማለት ነው። የቀረው 84 ግራም በስምንት ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ቀጣዩ ምግብ ሲቀርብ የቀደመው ገና ጨጓራው ውስጥ ሊሆን ይችላል። እየታገለ ቢበላ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስታውከዋል። ቢተወው ደግሞ ሰውነቱ ጡንቻውን መብላት ይጀምራል። በስቴፕ 1 የሰውነታቸው ይዘት በራጅ ከተለካ ተሳታፊዎች ከጠፋው ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ስብ አልነበረም። በእድሜ ለገፋ ሰው ጡንቻ ማለት ከወንበር መነሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ሲሰናከል አለመውደቅ ነው።

የሐሞት ከረጢትም የሚረሳ አይደለም። ከረጢቱ የሚኮማተረው ምግብ ሲገባ ነው፤ ረጅም ሰዓት ካልተበላ ሐሞቱ ተጠራቅሞ ይወፍራል። ክብደት በፍጥነት መቀነሱ ለሐሞት ጠጠር ያጋልጣል፤ መርፌዎቹም ራሳቸው ከሐሞት ከረጢት ሕመም ጋር ተያይዘዋል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማየት አልፈልግም። የፈሳሽ ነገርም እንዲሁ ነው። ምግብ የቀነሰ ሰው ከምግብ የሚያገኘውን ውሃም ቀንሷል፤ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከተጨመረ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። በጾሙ ሰዓት ውሃ የሚከለክል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉት።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ፈጽሞ አይሞክረው። መርፌው ብቻውን የደም ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ከኢንሱሊን፣ ወይም ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ከተባሉት የስኳር ክኒኖች ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠዋት የተዋጠችው ክኒን ቁርስ ቀረ ብላ ሥራዋን አትተውም፤ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ትገፋለች። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣና የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ጾሙ እዚያው ያበቃል፤ 15 ግራም ስኳር ተወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ኤምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ሌላ አደጋ አለባቸው፤ ረጅም ጾም የደም ስኳራቸው እምብዛም ሳይጨምር ደማቸው ውስጥ አሲድ እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ልጹም ለሚል ሰው ደግሞ መንገዱን መንገር ተገቢ ነው። ዌጎቪ ከ0.25 ሚሊግራም ተነስቶ 2.4 ላይ የሚደርሰው በ16 ሳምንት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ነው። ማቅለሽለሹ የሚበረታው በዚህ ወቅት፣ በተለይም መጠኑ በተጨመረ ሰሞን ስለሆነ ያኔ ጾም አይጀመር። መጠኑ ረግቶ፣ ሆድ ተረጋግቶ፣ ሐኪም ሌሎቹን መድኃኒቶች ካየ በኋላ የሌሊቱን 12 ሰዓት መያዝ ይበቃል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አለመብላት ለአብዛኛው ሰው ከባድ አይደለም። ሲበላ ከሳህኑ ላይ ፕሮቲኑ ይቅደም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳት ወይም ጡንቻ የሚያሠራ ሌላ እንቅስቃሴ ይጨመር። የ24 ሰዓት ጾም ከመርፌው ጋር የሚመከርበት ምክንያት አይታየኝም። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች፣ ከዚህ በፊት ራስን በማስራብ ወይም በልቶ በማስመለስ ሕመም የተጠቁ ሰዎች ደግሞ ጾሙን ከነጭራሹ ይተዉት።

መርፌውን የሚያዙ ሐኪሞችም ሚዛን ላይ ብቻ ማቆም የለባቸውም። በምን ሰዓት ትበላለህ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ብለው ይጠይቁ። ታካሚውም ይናገር፤ በተለይ ቀዶ ሕክምና ካለው። ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም ያለ ሰው በመድኃኒቱ ምክንያት ጨጓራው ውስጥ ምግብ ሊቀር ስለሚችል፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ መርፌውን መውሰዱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የማያቋርጥ ትውከት ወይም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ኃይለኛ የሆድ ሕመም የመጣበት ሰው ደግሞ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ቀጣዩንም መርፌ ሐኪም ሳያየው አይውሰድ።