ሳይፈተሽ ለሚገባው አየር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ሳይቆጠር የገባ አየር
ባሉበት (አየሩን ለሞተሩ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ሥር፣ የጎማዋ ቱቦ በምትታጠፍበት)

ጉዳዩ፦ ዘበኛ ሳያይ በጓሮ ስለመግባት

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት፤ ሦስት ወር ሙሉ በነጻ ሲገቡ ከረሙ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ሕጉን አያውቁትም አልልም። ሞተር የሚገባ አየር ሁሉ በፊልትሮ በኩል ያልፋል። ከፊልትሮው ቀጥሎ ኤርፍሎ ሴንሰር የሚባል ዘበኛ ቆሟል። ዘበኛው ገቢውን መዝኖ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን ይመድባል። ድግሱ በልክ ነው። እርስዎ ግን ዋናው በር አይመጥንዎትም። በአጥር ቀዳዳ ሾልከው ከማዕዱ ይቀርባሉ። ከዚያ "ቤንዚን አነሰ" ይባላል። ቤንዚኑ ምን አደረገ? እንግዳው በዛ እንጂ።

እኔ የማየው ይህን ነበር። መብራት ላይ ስቆም ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ የሞተሩ ዙር፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መኪናዋ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። አንዳንዴ ጭራሽ ትጠፋለች። ከኋላዬ ያለውን ሚኒባስ ደግሞ ያውቁታል፤ ጡሩምባው ከአረንጓዴው ይቀድማል። ፍጥነት ስትይዝ ግን ምንም እንዳልነካት! በመጨረሻ ያቺ ብርቱካናማ የሞተር ምስል ዳሽቦርዱ ላይ በራች።

"ቤንዚኑ ውሃ አለው" አሉኝ ጎረቤቴ። "ከፍታው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው" አለ የአጎቴ ልጅ። እሱ እንኳ ገልብጦታል። ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅለው በካርቡራቶሬ ዘመን የነዱ ያስታውሳሉ፦ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶሬ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል። የዚህ ከተማ የድሮ ችግር የአየር ማነስ ነበር። እርስዎ ትርፉን ከየት አመጡት?

ጋራዥ ገባሁ። ኮምፒውተር ተሰካ፤ ፒ0171 አለ። መካኒኩ አንገቱን ነቀነቀና "ኦክስጅን ሴንሰር ነው" ብሎ ፈረደ። ልብ ይበሉ፤ ኮዱ የሚለው "ቤንዚን ብጨምር ብጨምር አልበቃ አለኝ" ነው። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን መትረፉን አሽትቶ የተናገረው ደግሞ ያው ሴንሰር ነው። እውነት ተናጋሪውን ከሥራ አሰናበትነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም በሦስተኛው ቀን ያንኑ መሰከረ።

ቀጥሎ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ተቀየረ። ነጥቶ አመድ መስሎ ነበር፤ እሱም የቤንዚን ማነስ ምስክር ነበር፣ ተጣለ። ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ታጠበ። የቤንዚን ፓምፕ ሊቀየር ቀን ተቆረጠ። ክቡርነትዎ ከሥር ሆነው ስስስ እያሉ ይስቁብኛል። አንተ ሌባ! ይቅርታ፣ አመለጠኝ። እርስዎ ሌባ።

ያጋለጡዎት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ቁልፍ እንኳ አላነሱም። ስክሪኑ ላይ ፊዩል ትሪም የሚባለውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከልኩ በላይ ስንት ቤንዚን እንደጨመረ አዩ። በሚኒሞ 22 በመቶ። "እስቲ ርገጣት" አሉኝ። 2,500 ዙር ላይ ያዝኳት፤ ወደ 4 ወረደ። ሳቁ።

"ፓምፑን ተወው። ፓምፕ ቢሆን ስትረግጣት ነበር የሚብሰው። ይሄ በጓሮ የሚገባ ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆን ሌባው ይታወቃል፤ ሕዝብ ሲበዛ መሃሉ ይጠፋል።"

ረዳታቸው ቀዳዳ መፈለጊያ የሚረጭ ተቀጣጣይ ነገር ይዞ ሲመጣ በዓይናቸው ገላመጡት። "በጋለ ሞተር ላይ? ልታነደን ነው?" ቁራጭ ቱቦ አነሱ። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሌላውን በየጥጉ አዞሩት፤ የሐኪም ማዳመጫ በሉት። ማኒፎልዱ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። አንዲት የጎማ ቱቦ በፒንሳ ጨመቅ አደረጉ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ሞተሩ ጡት እንደያዘ ሕፃን ጸጥ አለ። እኔ እንኳ ጠፍቷል ብዬ ቁልፉን ላዞር ነበር።

ጎማዋ የጣት ርዝመት አትሞላም። ከሥር ባለው ጎኗ፣ ስትታጠፍ ብቻ አፏን የምትከፍት ስንጥቅ አለች። የእርስዎ ቤተ መንግሥት እሷ ነበረች። የአዲሷን ዋጋ ልንገርዎት? ሴንሰሩን ልገዛ ሶማሌ ተራ ስሄድ ለመኪና ማቆሚያ ከከፈልኩት ብዙም አትርቅም።

ከዛሬ ጀምሮ እንደማንኛውም አየር በፊልትሮው በኩል፣ ተመዝነው ይግቡ። ዘበኛው ሰው አይጠላም።

ከሰላምታ ጋር
ጎማ የገዛው ባለመኪና

ግልባጭ፦
ለአሮጌው ኦክስጅን ሴንሰር (የመኪናው ኪስ ውስጥ)፦ ከይቅርታ ጋር
ለማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ)፦ ቀጣዩ በር እርስዎ እንዳይሆኑ
ከኋላዬ ላለው ሚኒባስ፦ አሁን እኮ ተነሳሁ!