«እናንተ እንዳያችሁት» ብላችሁ አትመልሱ

በቅርቡ አንድ ልጅ ለቃለ መጠይቅ መጣ። ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ፈልገን ነበር። በአካውንቲንግ ተመርቋል፣ የመውጫ ፈተናውን አልፏል፣ ልምዱ ዜሮ ዓመት ነው። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። ኮፒዎቹን የያዘበትን የፕላስቲክ ማኅደር ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞታል። የሙያ ጥያቄዎቹን በሚገባ መለሰ። እንዲያውም በዚያ ቀን ከመጡት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር። መጨረሻ ላይ «ምን ያህል ደመወዝ ትጠብቃለህ?» ተባለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። «እናንተ እንዳያችሁት» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ዋናው ሥራ ማግኘቴ ነው» ብሎ ጨመረበት።

አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ጻፈ። ለቦታው ከተያዘው በጀት በደንብ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው። ተከራክሬ ትንሽ ከፍ አደረግነው፤ እስከ መጨረሻው ግን ልወስደው አልቻልኩም። ባልደረባዬ ክፉ ሰው አይደለም፣ ድርጅቱ የሰጠውን ሥራ ነው የሠራው። የልጁን ጥቅም የማስከበር ኃላፊነት ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ከራሱ ከልጁ በቀር ማንም አልነበረውም።

ሰው በመቅጠር ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። ሁለቱንም ወንበር ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ከልቤ አምናለሁ። ሥራ ውል ነው፤ እኛ ግን እንደ ውለታ ነው የምንቀበለው። ውለታ የዋለልህን ሰው ደግሞ ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ? ደመወዝ አትከራከረውም፣ ውሉን ስጠኝ አትለውም፣ ያመሸህበትን ሰዓት አትቆጥርበትም። ሥራ ፍለጋ ላይም ሆነ ሥራ ከተገባ በኋላ የማየው ችግር አብዛኛው ከዚህ ይነሳል።

ስሜቱ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት አራት ኪሎ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ ጊዜ ሪፖርተር የሚወጣበትን ረቡዕና እሁድ ጠብቀን፣ መግዣ ያጣን ጋዜጣውን ተከራይተን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ማስታወቂያ እንገለብጥ ነበር። «ከማይመለስ ኮፒ ጋር በአካል በመቅረብ» የሚለውን ስታነብ መጀመሪያ የምታሰላው የኮፒውንና የታክሲውን ነው። አሁን ብዙው ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ገብቷል፤ ድካሙ ግን አልቀነሰም። እናቴ ማታ ስገባ «ዛሬስ?» ትለኝ ነበር። ይበልጥ የከበደኝ መጠየቅ ካቆመች በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተገኘ ሥራ ከሰማይ የወረደ መና ይመስላል፣ መና ደግሞ ማንም አይከራከርበትም።

እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን የተቀበልኩት እንደዚያ ነው። ድርጅቱን አልጠራውም። ባለቤቱ «እዚህ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ሰባት ወር ሠራሁ። ስለቅ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠየቅሁ፣ «ምን ውል አለንና» ተባልኩ። ሰባት ወሬ እንደወጣች ቀረች፣ ሌላ ቦታ ሳመለክት እንደገና ዜሮ ዓመት ነበርኩ።

ያኔ ያላወቅሁትን ልንገራችሁ። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው (የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፣ እሱን እዚህ አልነካውም)። ውላችሁ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገሮች የያዘ፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል። የሙከራ ጊዜ ካለ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። የሥራ ቀን ነው የተባለው፣ ስለዚህ በካሌንደር ሲቆጠር ከሁለት ወር ያልፋል። የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ደግሞ ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ገና ሥራ ላይ እያላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ለማወቅ ሰባት ወር ከፈልኩበት።

ስለ ገንዘብ ከተነሳ አይቀር፣ ሥራ ለማስገባት ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። «ለፎርም»፣ «ለሥልጠና»፣ «ለዩኒፎርም ማስያዣ» ይላሉ። እዚህ አገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል እንዲሠራ ነው ሕጉ የሚለው። ቴሌግራም ላይ የማይታወቅ የድርጅት ስም፣ የተጋነነ ደመወዝና የግል ስልክ ቁጥር አንድ ላይ ካያችሁ ደግሞ ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

ወደ ደመወዙ ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነውና። ማስታወቂያው ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። ስምምነት ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። «እናንተ እንዳያችሁት» ያለ ሰው ከስምምነቱ ራሱን አውጥቷል። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ያንኑ ሥራ የሚሠራ ጓደኛ፣ የጓደኛ እህት፣ ከእናንተ ቀድሞ የተመረቀ ሰው አይጠፋም። ሰውን «ስንት ይከፈልሃል?» ማለት ከከበዳችሁ «ለዚህ ሥራ ጀማሪ ስንት ቢጠይቅ ያስኬዳል?» በሉት፤ ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

ከዚያ ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። ግሮስ (ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ) 12,000 ብር ተባላችሁ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይነካውም። የቀረው ደረጃ በደረጃ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሲቆረጥበት ግብሩ 2,250 ብር ይመጣል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር ይቀነሳል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። እጃችሁ የሚገባው፣ ኔቱ ማለት ነው፣ 8,910 ብር ነው። አያት ተነስታችሁ ሜክሲኮ የምትመላለሱ ከሆነ የወሩን ታክሲ ቀንሱበት፣ ምሳውንም። አሁን የምትኖሩበትን ቁጥር አገኛችሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ከዚህ እስከዚህ እጠብቃለሁ፣ ትራንስፖርትና ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች ካሉ ግን መነጋገር እንችላለን» ስትሉ ማንም ስግብግብ አይላችሁም። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ለሥራውም እንዲሁ ተዘጋጅቶ ይመጣል ብዬ ነው የማስበው። ቁጥሩ ሲነገራችሁም «ግሮስ ነው ኔት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን ሳይጠይቅ ፈርሞ በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ክው ያለ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ስለ ሲቪ ብዙ አልልም። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ስልኩ የሚሠራ ይሁን፣ የማታውቁትን ሶፍትዌር አትጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዲት ልጅ ልምዷ ላይ «የለም» ብላ ጽፋ መጣች። ስናወራ የሰፈራቸውን እቁብ መዝገብ ለሁለት ዓመት የያዘችው እሷ እንደሆነች ነገረችን። ማን እንደጣለ፣ ማን እንዳልጣለ፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ፣ የሰው ገንዘብ በየሳምንቱ በእጇ ሲያልፍ አንድ ቀን እንኳ ጎድሎባት አያውቅም። «ለምን አልጻፍሽውም?» ስላት ሳቀች። «እሱ ሥራ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሥራ ነው! ጻፉት። የእናታችሁን ሱቅ ዕቃ የቆጠራችሁ፣ የደብሩን ወይም የመስጊዱን መዋጮ የመዘገባችሁ፣ ጻፉት።

ተቀጠራችሁ እንበል። ሥራ ቦታ ላይ ከሰው ጋር የምንግባባው ስብሰባ ላይ ሳይሆን ምሳ ዕቃ የሚከፈትበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አዲስ የገባች አንዲት ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምሳዋን ኮምፒውተሯ ፊት ለብቻዋ ትበላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሁላችንም የምትበልጠው ባልደረባችን ምሳ ዕቃዋን ብድግ አድርጋ ወሰደችባትና «ነዪ እንጂ ልጄ፣ ሽሮሽን አብረን እንብላው» አለቻት። ልጅቷ ሽሮ ብቻ ስለያዘች አፍራ ነበር ለካ። ከዚያ ቀን በኋላ የትኛው ደንበኛ ክፍያ እንደሚያዘገይ፣ የትኛው ወረቀት ያለ ማን ፊርማ እንደማያልፍ፣ ማንም ሥልጠና ሰጥቷት ሳይሆን እንጀራ እየቆረሰች ተማረችው። ስለዚህ ከምሳ ጠረጴዛ አትቅሩ። ጥበቃውን ጋሼ እንዴት አደሩ በሉት፣ ቡና የምታፈላውን እትዬን በስሟ እወቋት። ባልደረባ ኀዘን ሲደርስበት፣ አዲስ ብትሆኑም፣ ከሌሎቹ ጋር ሄዳችሁ ለቅሶ ድረሱ። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን አይረሳም።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ግን ሐሜትም ይቀርባል። ስለ ሌላ ሰው ወሬ ሲነሳ «እኔ ገና አዲስ ነኝ፣ አላውቅም» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ማንም አይቀየምም። የመሥሪያ ቤት እቁብ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሙከራ ጊዜያችሁ ሳያልቅ አትግቡ። በሙከራ ጊዜ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታችሁ ይችላል፤ ዕጣ ወጥቶላችሁ ከሆነ ዕዳው እናንተን ተከትሎ ቤት ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ዝምታው ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አድገናል። እኔ ሥራ ቦታ ላይ ሲነቅዝ አይቻለሁ። አንዲት ጎበዝ ባልደረባችን የሌላ ሰው ወርሃዊ ሪፖርት ዓመቱን ሙሉ ሠራች። መጀመሪያ «ለዚህ ወር ብቻ» ተብላ ነው የተቀበለችው። ከዚያ ይሉኝታ ያዛት። ቅዳሜ ከሰዓት ትገባለች፣ ማታ ታመሻለች፣ ቤት ስትደርስ ልጇ ተኝቷል። አንድ ቀን በስብሰባ መሀል አለቃችን ስለ ሪፖርቱ መዘግየት ሲናገር ብድግ አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት ያልተባለ ነገር አልቀረም፣ እያለቀሰች ወጣች። አለቃው ደንግጦ ቀረ። ሪፖርቱን እሷ እንደምትሠራው በእውነት አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እንደ ድሯቸው ሆነው አያውቁም።

አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል»ም ብለዋል፣ እሱን ለምን እንደምንረሳው አላውቅም። ቅሬታ ሲኖራችሁ ሳይከርም ተናገሩ። ብቻችሁን ግቡ፣ ቢቻል ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። ሥራው ምንድን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ? ይህን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ፤ ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ወረቀቱ አይንቀጠቀጥም። ስብሰባ ላይ አለቃን ማሳፈር ግን ቂም ይተክላል። «እምቢ» ማለት ለሚከብዳችሁ፣ እኔ ራሴ የምጠቀምበትን ላካፍላችሁ። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ «እሺ እሠራዋለሁ፣ ይሄ ቀድሞ እንዲያልቅ ከሆነ ከያዝኩት የትኛውን ላቆየው?» እላለሁ። አለቃው ራሱ ያመዛዝናል። የትርፍ ሰዓት ጉዳይም እንደዚሁ ነው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በአንድ ተኩል፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። ያመሻችሁበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ፣ ስትጠይቁ በግምት እንዳትናገሩ።

የመልቀቂያው ቀን ሲመጣም ተቆጥታችሁ አትውጡ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፣ ርክክባችሁን ጨርሱ፣ የድርጅቱ ንብረትም ዕዳም እንደሌለባችሁ የሚያሳየውን ክሊራንሳችሁን አስፈርሙ። የሥራ ልምዱን እኔ በቃል ስመላለስ ነው የቀረሁት፤ ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ነገ ና» ተብዬ። እናንተ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፉት። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙላችሁ፣ እሱን ከዲግሪያችሁ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።