ገንዘቡን ማን ይያዘው?

የክርክሩ ሐሳብ፦ በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኬፕ ዮርክ ለሚኖሩ የአቦርጂናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ቤተሰቦች የሚሰጠው የበጀት፣ የቁጠባና የትምህርት ድጋፍ ከግዴታ ጋር መያያዙ ተገቢ ነው። ደጋፊዋ በኬርንስ ከተማ የቤተሰብ በጀት አማካሪ ናቸው። ተቃዋሚው በሜልበርን የታሪክ መምህር ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

ኦሩኩን በኬፕ ዮርክ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በዝናብ ወራት መንገዷ ይቆረጣል። የመንግሥት ድጎማ በየሁለት ሳምንቱ ይገባል። ገንዘቡ በገባበት ቀን አንዲት አያት ምን እንደሚገጥማቸው ልንገራችሁ። አንዱ ዘመድ ለሲጋራ፣ ሌላው ለካርታ ቁማር፣ ሦስተኛው ለነዳጅ ይጠይቃቸዋል። ዘመድን እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ይሰጣሉ። ሳምንቱ ሳያልቅ የልጅ ልጆቻቸው ቁርስ ያጣሉ፤ ቁርስ ያጣ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት አይሄድም።

በ2008 የተጀመረው ለውጥ ሁለት ነገሮችን ይዟል። አንደኛው የትምህርት ተቀማጭ ነው። ወላጅ ወይም አያት ከየክፍያው ጥቂት ዶላር በልጁ ስም ያስቀምጣሉ። ገንዘቡ ለደንብ ልብስ፣ ለመጽሐፍ፣ ለትምህርት ጉዞና ለመሳሰለው ካልሆነ አይወጣም። ሁለተኛው የቤተሰብ ኃላፊነት ኮሚሽን ነው። ልጅ በአንድ የትምህርት ወቅት ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ቀን ከቀረ ወላጁ ሊጠራ ይችላል። ከሕግ ባለሙያ ጎን ተቀምጠው የሚያነጋግሩት የዚያው መንደር ሽማግሌዎች ናቸው። ምክሩ ካልሠራ ከድጎማው 60፣ 75 ወይም 90 በመቶው ለመጠጥ፣ ለትምባሆና ለቁማር በማያገለግል መንገድ፣ ለምሳሌ በልዩ ካርድ፣ እንዲከፈል ያዝዛሉ።

ለእነዚህ ቤተሰቦች ገንዘብ መቆጠብን ያስተማራቸው ማንም አልነበረም። አሁን አለ።

ተቃዋሚ

«ገንዘብ መቆጠብን ያስተማራቸው ማንም አልነበረም።» እህቴ ይህን የጻፉት ስለ የትኛው አገር ነው?

ኬፕ ዮርክ የምትገኝባት ክፍለ ግዛት፣ ኩዊንስላንድ፣ በ1897 ባወጣችው ሕግ አቦርጂናሎችን «ጠባቂ» በሚባል ሹም ሥር አስገባች። ሹሙ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ፖሊስ ነበር። ከብት ጠባቂው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ አጥር ሠሪው ከደመወዛቸው የሚበዛው በእጃቸው አልገባም፤ መንግሥት በሚቆጣጠረው ሒሳብ ተቀመጠ። ከራሳቸው ገንዘብ ጫማ ለመግዛት እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ይህ ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ። የቁጠባ ደብተር ነበራቸው፤ ደብተሩ ግን ፖሊስ ጣቢያ ነበር። በ2019 የኩዊንስላንድ መንግሥት የተወሰደውን ደመወዝ በሚመለከት ክስ 190 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ያንን ቀን ሳያዩ ሞተዋል።

ቁጠባን በሚገባ ተምረዋል። የተማሩት ሌላ ሰው የያዘው ገንዘብ እንደማይመለስ ነው። አሁን ደግሞ ኮሚሽን መጥቶ 90 በመቶውን እኔ ልምራልህ ይላቸዋል።

ደጋፊ

ካነሳሁት ሁሉ አንድ አረፍተ ነገር መዝዘው ታሪክ አስተማሩኝ። ታሪኩን አውቀዋለሁ። ይህን ታሪክ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ውያለሁ። ወረቀት እናወጣለን። የኤሌክትሪክ ካርድ፣ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ስልክ፣ የልጁ ጫማ እያልን እንጽፋለን። ከዚያ የሚቀረውን እንቆጥራለን። ሹም ሆኜ አልሄድኩም።

ለመሆኑ ሽማግሌዎቹን እንዴት አለፏቸው? በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት በመንደሩ የተከበሩ እናቶችና አባቶች ናቸው። የኦሩኩን አካባቢ ነባር የሆነው የዊክ ሕዝብ በ1996 የመሬት መብቱን እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አድርሶ ያስከበረ ሕዝብ ነው። የገዛ የልጅ ልጁ ለምን ከትምህርት ቤት እንደቀረ ለመጠየቅ ያንሳል? ይህን ለውጥ ያመጣውም የዋና ከተማዋ የካንቤራ ሹም ሳይሆን፣ የኬፕ ዮርኳ መንደር የሆፕ ቬል ልጅ የሆነው የአቦርጂናል መሪ ኖኤል ፒርሰን ነው። የድጎማ ገንዘብ ያለ ኃላፊነት ሲሰጥ ሕዝቡን እንደመረዘ የተናገረው እሱ ነው።

ተቃዋሚ

ኖኤል ፒርሰንን ካነሱ አይቀር፣ በዚያ የደመወዝ ክስ ዋናው ከሳሽ ማን ነበር? አጎቱ ሃንስ ፒርሰን ናቸው። ዓመታት ሠርተው፣ ለቤት መግዣ ብለው የደመወዛቸውን ሒሳብ ሲጠይቁ፣ አለ የተባሉት ገንዘብ ኢምንት ነበር። «ያስተማራቸው ማንም አልነበረም» የሚለውን አረፍተ ነገር እኒህ ሰው ፊት ደግመው ያነቡታል?

ግዴታው ውጤት አምጥቶ ቢሆን ዝም እል ነበር። ከኩዊንስላንድ አጠገብ ባለው በሰሜናዊ ግዛት የፌዴራሉ መንግሥት በ2007 የዘር መድልዎ ሕጉን አግዶ የድጎማውን ግማሽ ያዘ። ከ2010 ጀምሮ በአዲስ መልክ የቀጠለውን አሠራር በሚመለከት ራሱ ያስጠናውና በ2014 የወጣው ግምገማ፣ በአጠቃላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። በኦሩኩንም በ2016 በተነሳው ሁከት መምህራኑ ከመንደሩ እንዲወጡ ተደርጎ ትምህርት ቤቱ ለጊዜው ተዘጋ። ስምንት ዓመት ሙሉ ኮሚሽኑ እዚያው ነበር።

ደጋፊ

ስለ ሰሜናዊ ግዛት የጻፍኩት ቃል የለም። እዚያ የተደረገው በጅምላ ነበር። ልጇን በየቀኑ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ሳትቀር ገንዘቧ ተያዘ። በኬፕ ዮርክ የሚታየው የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡን ወደ መያዝ የሚኬደውም ምክርና ድጋፍ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ልዩነቱን ለማየት አልፈለጉም።

በፈቃዳቸው ገንዘባቸው እንዲያዝላቸው ኮሚሽኑን የሚጠይቁም አሉ። የሚጠይቁት ዘመድ ሲመጣ «ካርዱ ላይ ነው፣ ላወጣው አልችልም» ለማለት ነው። ነውሩን ካርዱ ይሸከምላቸዋል። የትምህርት ተቀማጩም እንዲሁ ነው። ማንም አያስገድዳቸውም፤ ያስቀምጣሉ።

ተቃዋሚ

እንግዲያው በፈቃድ ነው! የተነሳንበትን ሐሳብ ከፍ ብለው ያንብቡት፤ «ከግዴታ ጋር መያያዙ ተገቢ ነው» ይላል። አሁን የሚያወድሱት ሁሉ በፈቃድ የሚደረገውን ነው። አያት በራሳቸው እጅ ለልጅ ልጃቸው የሚያስቀምጡትን ዶላር እኔ መቼ ተቃወምኩ?

ዘመድ መጥቶ መጠየቁንም እንደ በሽታ ጻፉት። ዓሣ የያዘ ያካፍላል፤ መኪና ያለው ሕመምተኛ ያደርሳል። ባንክ በሌለበት አገር ቁጠባው ያ ነው። ዛሬ የሰጠ ነገ ይጠይቃል።

በጀቱን የሚበላውም ካርታ ብቻ አይደለም። የመንደሩ ሱቅ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ዕቃው ከሩቅ በመርከብና በጭነት መኪና ይመጣል፤ ዋጋው ከኬርንስ እጅግ ይበልጣል። የፌዴራሉ ፓርላማ በ2020 ይህንኑ መርምሯል። በወረቀትዎ ላይ ጎመንና ወተት በየትኛው ዋጋ ተጽፈው ነው የሚቀረውን የሚቆጥሩት?

ደጋፊ

በመንደሩ ዋጋ ነው የምንጽፈው። በሌላ ዋጋ የተጻፈ በጀት አይሠራም። ሱቁ ውድ ስለሆነ እኮ ነው እያንዳንዱ ዶላር እስከ ክፍያው ዋዜማ መድረስ ያለበት።

ስለ ዘመድ መረዳዳት የጻፉት ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሚሰጡት ሁልጊዜ እነዚያው አሮጊቶች፣ የሚወስዱትም እነዚያው ጎልማሶች ሲሆኑ መረዳዳት አልለውም። በ2022 የፌዴራሉ ፓርላማ የጥሬ ገንዘብ ማገጃ ካርዱን (የድጎማው የሚበዛው የሚገባበትን፣ ለመጠጥና ለቁማር የማይሠራውን ካርድ) ሲሽር፣ በኬፕ ዮርክ የኮሚሽኑ ሥልጣን እንዳለ ቆይቷል። ስለ ሽማግሌዎቹ ጠየቅኩዎት፤ ሁለት ጊዜ አለፉኝ። በወንበሩ ላይ ያሉት ፖሊሶች አይደሉም፤ የልጁ አያቶች ናቸው። ሥልጣኑን ከእነሱ ወስደው ለማን ሊሰጡት ነው?