ኑጋችን ለእንግሊዝ ወፍ፣ ሲሚንቶ ለደሴ ወፍ

የምኖረው እንግሊዝ፣ ሊድስ ነው። ጓሮዬ አራት ሰው ቡና ከጠጣበት ትሞላለች። በኮሮና ጊዜ፣ 2020 ላይ፣ በር ተዘግቶብን ስንቀመጥ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆኜ ወፍ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ፣ ሰማንያን ያለፉ እናት፣ በአጥሩ ላይ አንድ ከረጢት አቀበሉኝ። «ይህን ስቀልላቸው፣ ይመጣሉ» አሉኝ። ከፈትኩት። ኑግ! የኛው ኑግ። ጥቁሩ፣ ቀጭኑ፣ የሚያብለጨልጨው። እፍኝ ዘግኜ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ፊቷ ቀይ፣ ክንፏ ላይ ቢጫ መስመር ያላት ትንሽ ወፍ አለች፤ ኑግ ትወዳለች። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ እንዳይፈስ ቀዳዳው የጠበበ ልዩ ማንጠልጠያ ይሸጥለታል። የኑግ መነሻው የኛ ደጋ ነው። ዛሬም ከኢትዮጵያም ከህንድም ወደ ውጭ ይላካል፣ እዚያ ብዙው የሚሄደው ለወፍ ነው። ይህን ለእማዬ በስልክ ስነግራት «ኑጉን ለወፍ? ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ?» ብላ ጮኸች። ምን ልበላት፤ እኔም አሞኛል። ግን ወፎቹ መጡ። ስምንት ሆነው መጡ።

እዚያ አገር በየዓመቱ በጃንዋሪ መጨረሻ ሰው አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ጓሮው ላይ ያረፈውን ወፍ ይቆጥራል። በፈረንጆቹ ከ1979 ጀምሮ እንዲህ ነው። ያው ወፍ ሄዶ ተመልሶ ሲመጣ ሁለቴ እንዳይቆጠር፣ የሚጻፈው በአንድ ጊዜ አብረው የታዩት ብዛት ነው። ጎረቤቴ ብርድ ልብሳቸውን ደርበው፣ ሻያቸውን ይዘው፣ ወረቀትና እርሳስ አዘጋጅተው ይቀመጣሉ። ስንት ዓመት እንደቆጠሩ ጠይቄያቸው «ልጆቼ ትንንሽ እያሉ ነው የጀመርኩት» አሉኝ።

ያለፈው መስከረም ደሴ ገባሁ። ከመምጣቴ በፊት «ግቢው ይስተካከል» ብዬ ገንዘብ ልኬ ነበር። ቤታችን ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ያደግኩበት ግቢ አጥሩ ዙሪያ ጌሾና ራስ ክምር፣ የጓዳው በር ላይ ጤና አዳምና በሶብላ፣ ጥጉ ላይ አንድ ኮክ ነበረው። በሶብላው ሲያብብ ንብ ይወርረው ነበር፤ እጃችንን እየሰበሰብን ነበር በጎኑ የምናልፈው።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ከግንብ እስከ ግንብ ሲሚንቶ። ጌሾው የለም። ኮኩ የለም። አጥሩ ብሎኬት ሆኗል። ወንድሜ ፊቱ በርቶ «አማረ አይደል?» አለኝ። ለዚሁ ብዬ ከሊድስ የተሸከምኩት ትልቁ ሌንስ ትከሻዬ ላይ ነበር። ልጆች «ወፍ የለም!» ሲሉ ምንም የለም ማለታቸው ነው። እኛ ግቢ ግን ነገሩ ቃል በቃል ሆኖ ጠበቀኝ፤ ያውም በላክሁት ገንዘብ።

በማግስቱ አንስቼ ተናገርኩት። «ወፍ እኮ ነው!» አለኝ። «ወፍ መቼ ጠፋ? ክረምት ክረምት በጭቃው እማዬ ሁለቴ ወድቃለች እኮ!» ስለ ጭቃው ልክ ነው። የደሴን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ የማይታይበት ጊዜ አለ። ታዲያ ከበሩ እስከ ሳሎን አንድ መተላለፊያ ቢነጠፍ አይበቃም ነበር? ጌሾው ምን አደረገ? ኮኩስ? እንግሊዞችም ለመኪና ማቆሚያ ብለው የፊት ግቢያቸውን ይደፍናሉ፣ የሁሉም ጓሮ ገነት ነው አልልም። «ወፍ እኮ ነው» የምትለዋ ቃል ነች ያቃጠለችኝ። እስክሄድ ድረስ ከጎረቤቱም ከዘመዱም ስሰማት ነበር የሰነበትኩት።

ቋንቋችን እንኳ እንዲህ አይልም። ሰው ሳይተክለው የበቀለውን «ወፍ ዘራሽ» እንለው የለ? አያቶቻችን ወፍ ፍሬ በልታ ዘሩን ወስዳ እንደምትጥል አይተው ነው ስም ያወጡት። ኑጉም ቢሆን አንዱ ተክል ለብቻው በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ አይዝም። ንብ ከሌላው ተክል አምጥታለት ነው። ንብ ከሌለ ኑግ የለም፣ ኑግ ከሌለ ለወፉም ለድስቱም የለም።

አራተኛው ቀን ላይ እማዬ ጎትታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ለማንም ሳትነግር፣ በተሰነጠቀ ባልዲና አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ራስ ክምሩን አትርፋው ኖሯል። «ሲቆፍሩ ሥሩን ለምኜ አስቀረሁት» አለች። አበባውን የሚቀስም ወፍ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ጥላ ውስጥ ሲያዩት ከሰል የመሰለ፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ ጅራቱ ላይ ሁለት ረጃጅም ላባ የተተወለት። ፀሐይ ስታገኘው ደረቱ ሐምራዊ ሆኖ ነደደ። ፈረንጆች በመጽሐፋቸው ስሙን ከኛው ተከዜ ወንዝ ወስደው ነው የጠሩት። ይህን ወፍ ለማየት ብለው ቲኬት ቆርጠው የሚመጡ አሉ። እኛ ግቢ ከሽንት ቤት ጀርባ፣ ከጀሪካን ላይ ነው የሚቀስመው።

ፎቶውን ለወንድሜ አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎኝ ሁለት ጣቱን ዘርግቶ አጎላው፣ ደጋግሞ አየው። «ይሄ እዚህ ነው?» አለኝ። አዎ፣ እዚህ ነው። «እኔ እኮ ጥቁር ወፍ ብቻ ነበር የሚመስለኝ» አለ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልጨቀጨቅሁትም።

ከመመለሴ በፊት ቅዳሜ አንድ ሠራተኛ ዲጅኖ ይዞ መጣ። ከብሎኬቱ ሥር ሁለት ሜትር ያህል ፈለጠልን፤ እኔ አራት ፈልጌ ነበር፣ ወንድሜ አንድ፣ ሁለት ላይ ተስማማን። አፈሩ ከሥር ገና እርጥብ ነበር። እማዬ ራስ ክምሩን ከጀሪካኑ አውጥታ በዚያው ቀን ተከለችው፣ ጌሾም ከጎረቤት ለመነች።