ፒካፑ ነው!

ደሴ ብዙ ነገር ጎድሏት ያውቃል። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲውጣት የፊትህን ባጃጅ አታይም። ምክር ግን ጎድሏት አያውቅም፤ በተለይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘህ ከታየህ። ይህ ጽሑፍ ሳይጠሩ ለሚመጡ፣ ሳይከፈላቸው ለሚያክሙ የጊታር ሐኪሞቻችን የቀረበ ምስጋና ነው።

ሠርግ ላይ እጫወታለሁ። አንዳንዴ እዚሁ፣ አንዳንዴ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ። አንድ እሑድ ማታ አምባሰል ስጫወት ድምፁ ጭቃ ሆነብኝ። አምባሰል እኮ እዚሁ ከሐይቅ ወዲያ ያለ አገር ነው። በገዛ አገሩ ሲበላሽ ነውር ነው። ሙሽሮቹ ልብ አላሉም፣ እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። በማግስቱ ቡና ላይ አፌ አምልጦኝ ተናገርኩ። አቦሉ ገና አልተቀዳም። ሦስት ሰዎች በአንድ ድምፅ፦

“ፒካፑ ነው!”

አድንቁልኝ። ጊታሩ እኮ ቤት ነው ያለው። ከሦስቱ አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው። አንዱ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ሦስተኛው ጊታር የያዘው በሕይወቱ አንዴ ነው፤ እሱም ፎቶ ለመነሳት። ሐኪም እንኳ “እስቲ ምላስህን አውጣ” ይላል። እነሱ ያንን እንኳ አላስቸገሩኝም።

ክሩን መቼ እንደቀየርኩት የጠየቀኝም የለም። ይህም ጨዋነታቸው ነው፤ ቢጠይቁኝ አፍር ነበር። ከመስቀል በፊት ነው። የትኛው መስቀል እንደሆነ ይለፈኝ።

ለማያውቅ ሰው፦ ፒካፕ ማለት ከክሮቹ ሥር የምትቀመጥ ማግኔት ናት፤ ዙሪያዋን እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሺዎች ዙር ተጠምጥሞባታል። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ እሱ ነው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው። ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ ግን ክሩን ብቻ አይሰማም። ከግድግዳው ሽቦና ከትራንስፎርመሩ የሚወጣውን “እምምም” አብሮ ይለቅማል። ሴዝ ላቨር የሚባል የጊብሰን ጊታር ፋብሪካ ሰው ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አደረገ። የአንዱ ማግኔት ከሌላው ተቃራኒ፣ አጠማጠሙም ተቃራኒ። የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ እምምምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሃምበከር ይኸው ነው።

ሰውዬው ለፓተንት ያመለከተው በፈረንጆቹ 1955 ነው። የተፈቀደለት በ1959። በእነዚያ ዓመታት ከፒካፑ ሥር “የፓተንት ማመልከቻ ገብቷል” የምትል ተለጣፊ ትለጠፍ ነበር። ዛሬ ያቺ ተለጣፊ ያለችበት አሮጌ ፒካፕ እንደ ክታብ ነው የሚፈለገው። መካሪዎቼም በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ “ፒ ኤ ኤፍ” ሲሉት ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እኔ ራሴ የገቡ ሦስት ማመልከቻዎች አሉኝ። አንዱ ስድስት ዓመቱ ነው። ማንም ድምፁን ዝቅ ሲያደርግላቸው አላየሁም።

አቦል ላይ ስለ ማግኔት ተወራ። አልኒኮ 2 ለስለስ ይላል፣ አልኒኮ 5 ጠንከር ይላል፣ ሴራሚክ ይናከሳል ተባለ። በጥቅሉ እውነታቸውን ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ቋንቋቸው ነው። ድምፁ “ክሬሚ” ነው፤ “ቅባት አለው”፤ “ታቹ ወፍራም፣ ላዩ ስስ”። ቡና የምታፈላው ልጅ ቀና ብላ “እርጎ ነው የምታወሩት?” አለች።

ቶና ላይ ወደ ኪሎ ተገባ። “የአንተ 8 ኪሎ ኦም ቢሆን ነው። 16 የሆነውን አምጣ፤ እጥፍ ይጮኻል።” ሰኞ ገበያ ቢሆን ልክ ነበር። 16 ኪሎ ምስር ከ8 ኪሎ ምስር ይበልጣል። ኦም ግን የሚለካው ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው። ማግኔቱን ሳትነካ ሽቦውን ብቻ ብታቀጥነው ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት የባንክ ሠራተኛው እጁን አነሳ። ቁጥር የእሱ ሙያ ነው። ዝም አልኩ።

በረካ ላይ ተፈረደብኝ።

አንድ ነገር ግን ሳላነሳ አላልፍም። ፒካፑ ግራና ቀኝ አንዳንድ ብሎን አለው። በካቻቢቴ ስታዞረው ወደ ክሩ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ግማሽ ዙር ብቻ ድምፁን ስታጠራው ወይም ስታወፍረው በጆሮህ ትሰማለህ። ነፃ ነው። ቡናው እስኪፈላ ያልቃል። ከሦስቱ አንዳቸውም አላነሱትም፤ አልፈርድባቸውም። ነፃ ነገር ይዞ ሦስት ስኒ ሙሉ ምን ይወራል? ለካቻቢቴ “ሰው ሲመጣ አስልክ” አይባልም።

ቤት ገባሁና “እማ፣ ፒካፕ ልገዛ ነው” አልኳት።

እናቴ ሁለት እጇን ዘረጋች። “አልሐምዱሊላህ! አሮጌ ነው አዲስ?”

“አዲስ ነው።”

“ቀለሙስ?”

“ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ክሬም።” እውነቴን ነው፤ ሃምበከር እንደዚያም ይወጣል፣ ዜብራ ይሉታል።

ትንሽ ዝም አለች። “የተጋጨ ነው እንዴ፣ የኔ ጌታ?”

ላስረዳት ስል ወሬው ጎረቤት ደርሷል። እስካሁን ሁለት ሰዎች ከወረኢሉ እህል እንዳመጣላቸው ተራ ይዘዋል።

ፒካፑ በሰው ሻንጣ መጣ። የሦስት ሠርግ ገንዘብ ሄደ። ከጀርባው ባለ አራት ቀለም ሽቦ አለው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። የቀለሙ ትርጉም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አንዱ ጋ ድምፁ የሚወጣው በጥቁሩ ነው፣ ሌላው ጋ በቀዩ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ “ሽቦ እኮ እንጀራዬ ነው” ብሎ የአገጣጠም ሥዕል በስልክ ላከልኝ። ሥዕሉ ትክክለኛ ሥዕል ነበር። የሌላ ፋብሪካ ፒካፕ ነው እንጂ።

ገጣጥሜ ቡና ላይ ይዤው ሄድኩ። ተሰካ። “እምምምምም።”

ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ሰማኸው?” አለ የፎቶው ጊታሪስት። “ትንፋሽ አለው። ቪንቴጅ ማለት ይኼ ነው!” እምምምታ ለማጥፋት የተፈለሰፈ ዕቃ ገዝቼ እምምም ሲል፣ እንዲህ አምሮ እንዲሰማኝ ያደረገኝ ወዳጅ ከየት ይገኛል?

ድምፁ ግን ሲያንስብኝ ጊዜ ሙጋድ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አባት ጋ ይዤው ሄድኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቴስተሩን ነካ አደረጉበት።

“ስንት ነው ያሉህ?”

“16።”

“8 ነው የሚለው። ግማሹ ተኝቷል፣ ልጄ።”

ለካ አንደኛው ጥቅል ሁለት ጫፉ እርስ በርሱ ታስሮ ከጨዋታ ወጥቷል። ሃምበከር ብዬ የገዛሁት ባለ አንድ ጥቅል ሆኖ ነው የከረመው። ሁለት ሽቦ ነቅለው፣ ሁለት ሽቦ በየዱ። እምምምታው ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ አምባሰል ጀመርኩ። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ሰሙና እጄን ያዙት።

“ሦስተኛዋ ወርዳለች።”

“ምኗ?”

“ክሯ ናታ! አልቃኘሃትም። ደግሞ ተመልከታት፣ ዝጋለች።” መቃኛውን በሁለት ጣት ጠምዘዝ አደረጉት። “በል አሁን ምታ።”

መታሁ። አምባሰል ነው።

ዛሬ ከሰዓት ቡና ላይ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ክሩ ዝጎ እንደነበር፣ ጊታሩ ሳይቃኝ እንደከረመ። ዕጣኑ ይጨሳል። አቦሉ ተቀድቷል። ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ የባንክ ሠራተኛው ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠ።

“ታዲያ መቃኛው ነዋ!” አለ።

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ክር እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይወርድም። የአንተ መቃኛ ጥርሱ ስንት ለአንድ ነው? 18 ለ1 የሆነ አለ። አብሽር፣ በሚቀጥለው ወር ሰው ይመጣል።”