ለክቡር ፎቶ ኮፒ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ እንዲወጡ ስለመጠየቅ

"ባሉበት" ያልኩት ለደብዳቤ ወግ ነው እንጂ የሌሉበት ቦታ ኖሮ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከጀበና ቡናውና ከሊስትሮው መሀል፣ ሞቅ ብለው ቆመው አገኝዎታለሁ። ይህን የምጽፍልዎ በስልኬ ስለሆነ እንደማያነቡት አውቃለሁ። ያልታተመ ነገር አይታይዎትም። ቢሆንም ልናገረው፤ በሆዴ ይዤው ብዙ ዞሬያለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የታናሽ እህቴ ሥራ ፍለጋ ነው። ልጅቷ ያንን በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወስዳለች። ኦንላይን ነው፣ በነፃ ነው፣ በ3 ዓመት 5 ሚሊዮን ሰው ይሠለጥንበታል የተባለለት ነው። እሷ የዳታ ሳይንሱን መረጠች። በሌሊት ፓኬጅ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ ጨረሰችው። ሰርተፍኬቱ በኢሜይል መጣ። እናታችን "የታል ወረቀቱ?" አለቻት። "ወረቀት የለውም እማዬ።" እናቴ በሐዘኔታ አየቻት። እናቴ አገሩን ከኛ በላይ ታውቀዋለች።

ብዙም ሳይቆይ ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። የሥራ መደቡ መጠሪያ "የዲጂታል አገልግሎት ባለሙያ" ነው። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነው የተለቀቀው፤ ግን የወረቀት ፎቶ ነው፣ ማኅተሙ ተንጋዶ፣ ጠርዙ ላይ ፎቶ ያነሳው ሰው አውራ ጣት ገብቶበት። አመልካቾች የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ በአካል ቅረቡ ይላል። "የማይመለስ" የምትለዋን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ዘመቻ ሄዶ የቀረ አጎት ትመስለኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር አለ። የኪቦርዱ ላስቲክ ገና አልተነሳም፤ ላስቲኩ ላይ ግማሽ የደረሰ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። ሞኒተሩ ጀርባ ላይ "ኮፒ ያልያዘ ባለጉዳይ አናስተናግድም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቷ ራሷ ኮፒ ናት፣ ያውም የኮፒ ኮፒ፤ "አናስተናግድም" የምትለው ላይ ቀለሟ ሳስቶ "እናስተናግዳለን" ልትል ትንሽ ነው የቀራት።

መዝጋቢው ጥሩ ሰው ናቸው፣ የአባቴ እኩያ ይሆናሉ።

"ኦርጅናሉ የታለ?"

እህቴ ስልኳን ዘረጋች።

"ይሄ ስልክ ነው።"

"ሰርተፍኬቱ ኦንላይን ነው ጋሼ። ሊንኩን ሲነኩት ይከፈታል።"

"የኔ እህት፣ ሊንክ በክላሰር አይታሰርም።"

ለዚህ መልስ የለውም። እውነት ነው፣ አይታሰርም። ሮጠን ወደ እርስዎ መጣን። ከፊታችን 11 ሰው ነበር። ሰርተፍኬቱን በቀለም አሳተምን፤ ያቺ ዋናው ሆነች። ያቺኑ መልሰን በጥቁርና ነጭ አነሳናት፤ ያቺ ደግሞ ኮፒው ሆነች። አንድ ቤት፣ በደቂቃዎች ልዩነት የተወለዱ መንትዮች ናቸው። ይዘናቸው ተመለስን። ሰውየው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ፊደል በፊደል እየተከተሉ አመሳከሩ። ስሟ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። እኛም ትንፋሻችንን ዋጥን። ከዚያ ጧ! "ከዋናው ጋር ተመሳክሯል"። ማኅተም።

ሊንኩን ማንም አልነካውም። እስከዛሬም አልተነካም።

እዚህ ላይ ስለ ትውልድዎ ትንሽ ልበል፤ መቼም ዘር መቁጠር እንወዳለን። የወለደዎት ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሥራው ከፈጠራ መብት ሰነዶች ጋር ነበር፣ በእጅ መገልበጥ ሰለቸው፣ መገጣጠሚያውም ይታመም ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ አስቶሪያ በሚባል ሰፈር መስታወት ላይ ቀኑንና የሰፈሩን ስም ጽፎ ወረቀት ላይ አሳረፈው። ቀኑ በኛ ሲመነዘር ጥቅምት 12 ቀን 1931 ነው፣ ሚካኤል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከ20 በላይ ኩባንያ እየዞረ ቢለምን ሁሉም አንፈልግም አሉት። ያኔ ምን እንደታያቸው አሁን ነው የገባኝ።

አሁን ወደ ፋይዳ ልምጣ። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ዲጂታል መታወቂያ ሲመጣ፣ እውነቴን ነው፣ ከእርስዎ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። 10 ጣቴን ሰጠሁ። ሁለት ዓይኔን ሰጠሁ። 12 አኃዝ ያለው ቁጥር በስልኬ መጣልኝ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ትናገራለህ፣ ሲስተሙ አንተ መሆንህን ያረጋግጣል፣ አለቀ። የሆነውን ግን ያውቁታል። ፋይሉን ከስልኬ ወደ እርስዎ ቤት ላክሁ፣ ታተመ፣ ላሚኔት ተደረገ፣ ከዚያ ከፊትና ከኋላ በአንድ ገጽ ይሁን ተባለ። በኮፒው ላይ ፊቴ ጠቁሮ የቀረችልኝ ጥርሴ ብቻ ናት። ስካን እንዲደረግ የተሠራው ኪውአር ኮድ የነደደ ሽሮ መስሏል። ይቺን ነው የተቀበሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ስልኬን ሳሳይ ማንነቴ የሚያጠራጥር ነበር፤ በጥርሴ ግን ለዩኝ።

የአገልግሎት ክፍያውን በቴሌብር የከፈልኩ ጊዜም ያው ነው። ገንዘቡ በሰከንድ ሄደ። መልእክቱ በሰከንድ መጣ። እኔ ግን "ደረሰኙን ፕሪንት አድርገህ ና" ተብዬ 40 ደቂቃ ተሰለፍኩ፣ ያውም ለአንዱ ገጽ 5 ብር ከፍዬ፣ እሱንም በቴሌብር።

አሁንስ አንቱታው ይብቃን። አንተ! ባለፈው ጾም ከታክሲ ተራ ቆሎ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ መጠቅለያውን ዘረጋሁት። የሰው መታወቂያ ኮፒ ነው። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው። ጥግ ላይ "ከዋናው ጋር ተመሳክሯል" የሚል ማኅተም፣ ዘይት የነካው። ለካ የማይመለስ ማለት ወደ ቆሎ ይሄዳል ማለት ነው! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለን እኮ፣ ቁጥር 1321/2016። ስለ ቆሎ ምን እንደሚል እንጃ። የጥንቱ ቁም ጸሐፊ ስንት ወር ጎንበስ ብሎ ብራና ላይ ሲገለብጥ ኖሮ መጨረሻው ላይ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ" ብሎ ያወግዝ ነበር፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ይላል። ያም ኮፒ ነበር። ግን ባለቤት ነበረው። ያቺን መታወቂያ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኳት፣ ቀድጄ ልጥላት እጄ እምቢ አለኝ። ሰውየውን ደውዬ "መታወቂያህን በልቼበታለሁ" ልበለው?

መዝጋቢውን ግን እንዳትጠላብኝ። እህቴ ፎርም ስትሞላ ጠየቅኋቸው፣ "ጋሼ፣ ይሄ ኮፒ ምን ያደርግልዎታል?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ኦዲት ሲመጣ ስልክ ላሳይ?" ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ሲስተም ላይ የታየ ነገር ነገ ቢጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ክላሰር ውስጥ ያለ ወረቀት ግን ይመሰክርላቸዋል። ወረቀት እኮ ለሳቸው መረጃ አይደለም፣ ጃንጥላ ነው። ሲስተም ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲሄድ፣ የሚቀርላቸው እሱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም እንደሚል ነገርኳቸው። ገርሟቸው "እንደዛ ይላል?" አሉ። ላሳያቸው ስልኬን ሳወጣ "ፕሪንቱን አልያዝክም?" አሉኝ።

ሥልጠና ወስደው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"እንዴታ! ስለ ዲጂታል አሠራር፣ ሁለት ቀን ሙሉ።"

"ታዲያ እንዴት ነበር?"

"ጥሩ ነበር። ስላይዱን ኮፒ አድርገው አድለውናል።"

መሳቢያቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ክላሰር ውስጥ ነው። በደንብ ታስሯል።

ግን ከሁሉም የከነከነኝ ያንተዋ ልጅ ናት፣ ከማሽኑ ኋላ የምትቆመዋ። ያን ቀን ወረፋ ስጠብቅ ሳያት ነበር። በአንድ እጇ ወረቀት ትመግብሃለች። በሌላው የአንዱን እማማ የፓስፖርት ማመልከቻ ኦንላይን ትሞላለች፣ ፎቷቸው መጠኑ በዝቶ ሲስተሙ አልቀበልም ሲል ታሳንሰዋለች። የነጋዴውን ሰነድ ስካን አድርጋ ትልካለች። ኢሜይል ለሌለው ትከፍታለች። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሲመጣ ከጠረጴዛው ሥር ባለ 50 ሉክ ደብተር ታወጣለች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የይለፍ ቃል እዚያ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። (ደኅንነቱን አታንሱብኝ፣ ከቆሎው ይሻላል።) የአንዱ ስም በእንግሊዝኛ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት መጻፉን ከሱ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። "ጋሼ ይሄ በኋላ ያስቸግርዎታል" አለችው።

የዲጂታል አገልግሎት ባለሙያ ማለት ይቺ አይደለችም እንዴ? የሥራ ማስታወቂያውን አይታው እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀች። "ለስንት ሰው ኮፒ ያደረግኩትን!" ለምን እንዳላመለከተች ስጠይቅ ጣቷን ማስታወቂያው ታችኛው መስመር ላይ አሳረፈች። ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት። እዚህ ቤት 4 ዓመት ሠርታለች፤ ግብር የከፈለላት ግን የለም። ያንተ ቀለም እጇ ላይ አለ፣ እሱ ደግሞ ከዋናው ጋር አይመሳከርም።

አርብ ዕለት ለፈተና የተመረጡት ስም ወጣ። ወረቀት ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ፎቶ ያነሳል፣ እኔም በሰው ትከሻ ላይ አነሳሁ። ፎቶው ደብዝዞ ነበር፤ አጉልተን አጉልተን የእህቴን ስም 17ኛ ላይ አገኘነው። ከግርጌው ፈተናው በጽሑፍ መሆኑ ተጽፏል። ኮዲንግ በእስክሪብቶ! ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እህቴ ስልኩን ዝም ብላ መለሰችልኝ። ተፈታኞች መታወቂያችሁን ዋናውንና ኮፒውን ይዛችሁ ቅረቡ ይላል።

ሰኞ ጠዋት እንመጣለን። ቶነር እንዳታልቅብን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
// ለመዝገብ ቤት
// ለመዝጋቢው፣ ለክላሰር (ታትሞ)
// ለቆሎ ሻጯ፣ ለመጠቅለያ እንዲሆናት